የሕጉ ቃልና የግድግዳው ቃል

ፊደል ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ፤ በጣት መፈረም ቀርቷል። እንግዲህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን እናንብብ?» የሚለው ነው። መጽሐፍ በየቤቱ የለም። ጋዜጣም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት አልፎ እምብዛም አይመጣም። ይሁን እንጂ ጽሕፈት ያለበት ነገር በዙሪያችን ሞልቷል። የሳሙናው መጠቅለያ ይነበባል። የዘይቱ ጀሪካን ይነበባል። የሱቁ በር፣ የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የመሬት ደብተር፣ ሁሉም ይነበባል።

በዚህ ትምህርት ሁለት ዓይነት ጽሕፈት እናነባለን። አንደኛው ሕግ ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። ሁለቱም ስለ ወንድና ስለ ሴት ይናገራሉ። ነገር ግን አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም። ልዩነታቸውን ያላወቀ ሰው፣ ማንበብ እያወቀም ቢሆን ሊጎዳ ይችላል። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

፩. አዋጅና ገበያ በአራዳ

እኛ ዘማቾች አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ስንማር ቆይተን የመጣን ነን። ከመካከላችን አራዳ ተወልደው ያደጉም አሉ። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከዚያው እናመጣለን።

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ እዚያ ነበር። ገበሬው እህሉንና ቅቤውን፣ ነጋዴው አሞሌውንና አቡጀዲውን ይዞ እዚያ ይገናኝ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ይኸውም ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። የአራዳ መሐል ግን «ፒያሳ» የሚል ስም ተረፈው። ቃሉ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። በዚሁ ሰፈር እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴት በገበያ መካከል ትልቅ ቤት ከፍታ ማስተዳደሯ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ያን ጊዜ ሕግ የሚታወቀው በጆሮ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። «ስማ» ይላል እንጂ «ስሚ» አይልም። «የሰማህ» ይላል እንጂ «የሰማሽ» አይልም። እርግጥ ነው፣ አማርኛችን ወንዱን ጠርቶ ሁሉንም የመጥራት ልማድ አለው። ዳሩ ግን ሴቲቱ አዋጁን የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ ባልዋ ወይም አባቷ ከገበያ መጥቶ ሲነግራት ነበር። የነገራትን ያህል ታውቃለች። ያልነገራትን አታውቅም። ይኸን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. የቀድሞው ሕግ ምን ይል ነበር?

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ነበሩ። ሕጉ ብዙ ጥሩ ነገር ነበረው። ለምሳሌ ጋብቻ የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ያስፈልገዋል ይል ነበር። ነገር ግን ስለ ባልና ሚስት ኑሮ ሲደነግግ፣ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፤ ሚስትም ሕግ በማይከለክለው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ብሎ በቁጥር 635 አስቀመጠ። በቁጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራስዋ የመሥራት ግዴታ አለባት አለ። ለጋብቻም ወንዱን 18 ዓመት፣ ሴቷን 15 ዓመት ይበቃቸዋል አለ።

እንግዲህ የቤት ሥራ የሴት ነው የሚለው ልማድ ብቻ አልነበረም። በሕግ የተጻፈ ግዴታም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ቁጥሩ 31 ነው። አዋጁ ጾታ ሳይለይ፣ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት ይሰጣል አለ። በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ በየገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ በብዛት የሰፈረው የአባወራው ስም ነበር። ሴቲቱ ጎልጉላ፣ አርማ፣ አጭዳ፣ ወቅታ፣ ስሟ ግን መዝገቡ ላይ የለም። ከባልዋ የተፋታች ጊዜ ወይም ባልዋ የሞተባት ጊዜ የጉዳቱ መጠን ታወቀ።

፫. የዛሬው ሕግ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። መሬትን ጨምሮ ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመውረስ መብት አላቸው አለ።

ከዚያ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል፤ ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 79ን አወጣ። የ1992ቱ አዋጅ የለወጠውን በአጭሩ እንይ።

አንደኛ፣ ባል አለቃ፣ ሚስት ታዛዥ የሚለው ተሠረዘ። ቤተሰቡን ሁለቱም በእኩልነት ያስተዳድራሉ ተባለ።

ሁለተኛ፣ የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ሆነ።

ሦስተኛ፣ ከጋብቻ በኋላ ባልም ሆነ ሚስት ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ተባለ። ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የሁለቱ እንደሆነ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥም እንዲሁ። አንዱ ብቻውን ቢሸጥ፣ ሌላው ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ጊዜ አለው። ነገሩን ካወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ባያውቅም ሽያጩ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት።

የመሬቱም ነገር ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። በአማራ ክልል ደብተሩ የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይዟል። እናቶቻችን፣ ደብተሩን ከሣጥን አውጡትና ስማችሁን ራሳችሁ ፈልጉት። ይህ የመጀመሪያ ንባባችሁ ቢሆን ደስ ይለናል።

፬. ግድግዳው ምን ይላል?

አሁን ከሕጉ እንውጣና ወደ ፒያሳ እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የሰፈሩ መልክ ተለውጧል። ማስታወቂያው ግን አልቀነሰም። በቆርቆሮ ላይ በእጅ የተሣለ አለ፤ በሸራ ላይ የታተመ አለ፤ በመብራት የሚንቀሳቀስም አለ።

በሳሙናው ማስታወቂያ ላይ ማን አለ? ሴት አለች። ፈገግ ብላ ነጭ ልብስ ታሰጣለች። በዘይቱ ላይስ? እሷው ናት፤ ወጥ ታማስላለች። ገበታው ላይ የተቀመጠው ግን አባወራው ነው። በባንኩ ማስታወቂያ ላይ ከረባት ያሰረ ወንድ አለ። በሲሚንቶው ላይ ወንድ አለ። በመኪናው ላይ መሪውን የያዘው ወንድ ነው፤ ሴቲቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። ባንክ ውስጥ ግን ሴት ገንዘብ ስትቆጥር፣ በሕንፃው ሥራ ላይም ሴት አሸዋ ስትሸከም በዓይናችን እናያለን። ሥዕሉ ግን አላያትም።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿም የታወቀች ናት። የወርቅ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ለወንዱ ይናገራል፤ ለሚስትህ ግዛላት ይለዋል። ገዥው እሱ፣ አጥላቂዋ እሷ። መስጠት መልካም ነው፤ ይኸን አንነቅፍም። ነገር ግን ከላይ ያነበብነውን ሕግ አስታውሱ። ሠርተው ያገኙት ገንዘብ የጋራ ነው። ስለዚህ የወርቁ ዋጋ ግማሹ የራስዋ ነው። ማስታወቂያው ግን ይኸን አይነግራትም፤ በራስዋ ብር ተገዝቶ ስጦታ ተባለላት።

ይኸን ሁሉ የምንለው ሥዕል ስለጠላን አይደለም። የማስታወቂያ ሥራ ዕቃ መሸጥ ነው። ዕቃውን ለመሸጥ ሰው ለምዶ የያዘውን ያሳያል። የተለመደውን ደጋግሞ ሲያሳይ ደግሞ ልማዱን ያጸናዋል። በ1952ቱ ሕግ ጓዳ የተቀመጠችውን ሴት ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ማስታወቂያው እዚያው ጓዳ አቆያት። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል። ሥዕል ግን በየቀኑ ይታያል።

፭. የስፌት መኪናዋ

ከመካከላችን የአንዱ አክስት ዶሮ ማነቂያ ይኖሩ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በዕቁብ ብር አጠራቅመው የስፌት መኪና ገዙ። በመኪናዋ ሣጥን ላይ የሚያምር ሥዕል ነበር፤ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ስትሰፋ ያሳያል። አክስታችን ሥዕሉን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። «ይቺ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ልጃቸውን ለማረስ አገር ቤት ሄዱ። ሲመለሱ መኪናዋ የለችም። ባልየው ሸጠዋታል። ሲጠየቁም «ደረሰኙ በማን ስም ነው?» አሉ። ደረሰኙ በርግጥም በእሳቸው ስም ነበር። አክስታችን ማንበብ አያውቁም ነበርና ስሙን አላረጋገጡም፤ ሕጉንም የነገራቸው የለም። «ስሙ የሱ ከሆነ ምን አደርጋለሁ» ብለው ተቀመጡ። ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመሩ።

ሕጉን የሚያውቅ ዘመድ የመጣው በዓመቱ ነው። ደረሰኙ በአንዱ ስም መሆኑ ንብረቱን የግሉ እንደማያደርገው የነገራቸው እሱ ነው። የመኪናዋ ዋጋ ከ500 ብር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ መሸጥ አልነበረባትም። ሽያጩ ይፍረስልኝ ብለው ማመልከት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ነገሩን ካወቁ 6 ወሩ አልፎ ነበር።

ልብ በሉ። ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ነበረች። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የወንድ ነበር። ሕጉ ደግሞ የሁለታችሁ ናት ይል ነበር። አክስታችን ከሦስቱ ያዩት ሥዕሉን ብቻ ነው። በነጋሪቱ ዘመን ያልነገሯትን የማታውቀው ሴት እንዴት እንደነበረች አስታወሳችሁ? ነጋሪቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆነ፤ እሷ ግን አልቀረችም።

፮. የሥራ ማስታወቂያ

ሌላ ዓይነት ማስታወቂያም አለ። ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሁሉ በፒያሳና በአራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ያነበዋል። ይኸውም የሥራ ማስታወቂያ ነው። «ሾፌር፤ ፆታ ወንድ» ይላል። «አስተናጋጅ፤ ፆታ ሴት፤ መልክ ያላት» ይላል። ከእኛ ጋር የዘመተች አንዲት እኅታችን በሂሳብ ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሮጣ ሄደች። ከታች «ፆታ ወንድ» የሚል አየች። ምክንያቱን ብትጠይቅ «እስከ ማታ የሚያሠራ ነው» አሏት። ሴት አስተናጋጅ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ትሠራለች፤ ያን ጊዜ ማታው ለምን አላሳሰባቸውም?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ በፆታ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሴት በቅጥርም ሆነ በደመወዝ ሴት በመሆኗ ልትበደል አይገባም ይላል። ስለዚህ «ፆታ አይለይም» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አሠሪው ውለታ ዋለ አትበሉ። ሕጉን አከበረ በሉ።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር እንንገር። ብዙ የገጠር ልጃገረዶች በደላላ በኩል ለቤት ሠራተኛነት አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አትጠቃለልም። ስለዚህ ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና የአሠሪዋን አድራሻ በወረቀት አስጽፉ። ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡት። አንዱንም ቅጂ ቤት አስቀሩ።

፯. ማስታወቂያ እንዴት ይነበባል?

ማስታወቂያ ስታነቡ አራት ጥያቄ ጠይቁ።

ሀ. የሚናገረው ማን ነው? ዕቃውን የሚሸጠው ነው። ስለዚህ የሚናገረው ለራሱ ጥቅም ነው።

ለ. ለማን ይናገራል? ፊደሉን ተመልከቱ። «ግዛ» ካለ ለወንድ ነው። «ግዢ» ካለ ለሴት ነው። «ግዙ» ካለ ለሁሉም ነው። «ዛ» እና «ዢ» አንድ ፊደል ብቻ ናቸው፤ ገንዘቡ በማን እጅ ነው ብሎ እንደሚያስብ ግን ይናገራሉ።

ሐ. ማን ምን ሲሠራ ይታያል? ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል? ማን ያዛል፣ ማን ይታዘዛል?

መ. ቢገለበጥስ? ወንዱን በሴቷ ቦታ፣ ሴቷን በወንዱ ቦታ አድርጋችሁ አስቡ። ሳቃችሁ መጣ? እንግዲያው ለምን እንደመጣ ተወያዩ።

ይኸን አራተኛውን ጥያቄ በማታ ክፍላችን ሞከርነው። በሳሙናው መጠቅለያ ላይ ባለችው ሴት ምትክ ወንድ ቢሣልስ ስንል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንድ አባት ግን አልሳቁም። «ልጆቼ» አሉ፤ «እኔ ወታደር በነበርኩ ጊዜ ልብሴን አጥቤያለሁ፤ ቂጣም ጋግሬያለሁ። ያኔ ማንም አልሳቀብኝም። ቤቴ ስገባ ግን እጄ ሁሉን ረሳው።» ከዚህ የተሻለ ትምህርት እኛም አናስተምርም። እጃቸው ችሎታውን አልረሳም፤ ያስረሳው ልማዱ ነው።

ሌላው አባት ደግሞ «ሕግ ከደጅ ነው፤ ጓዳ አይገባም» አሉ። «አባባ፣ መሬትዎ በልማድ ቢወሰድ ሕግ ይግባ ይሉ የለም ወይ?» አልናቸው። «እሱማ ንብረት ነው» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «የኔስ ድካም ምንድን ነው?» ሲሉ ክፍሉ ዝም አለ። መልሱን ለእናንተ ትተነዋል።

፰. በሌላ አገርስ?

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ1972 ዓ.ም. በሴቶች ላይ የሚደረግ ማንኛውንም ልዩነት ለማስወገድ ስምምነት አጸደቀ። አገራችንም በ1973 ዓ.ም. ተቀበለችው። ስምምነቱ አንዱ ፆታ የበላይ ሌላው የበታች ነው የሚለውን ልማድ መንግሥታት ለማስቀረት እንዲጥሩ ያስገድዳል። በእንግሊዝ አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ወንድና ሴት ጎጂ አመለካከት የሚያሳይ ማስታወቂያ ተከልክሏል። በመጀመሪያ ከታገዱት አንዱ የአይብ ማስታወቂያ ነበር። ሁለት አባቶች በምግቡ ተመስጠው ሕፃናቱን ሲረሱ ያሳይ ነበር። ወንድ ልጅ መያዝ አያውቅም እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የተዛባ ሥዕል ወንዱንም ያዋርዳል።

በእኛም አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 759፣ በፆታ ረገድ የሰውን ክብርና እኩልነት የሚጥስ ምስልና ንግግር ከልክሏል። የሚሰድበውን ሥዕል ይይዘዋል። ሳይሰድብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያስቀምጠውን ግን መለየት የአንባቢው ፋንታ ነው።

ከማስታወቂያ ሁሉ የቆየው ደግሞ ማንም ያልከፈለበት ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ማን ግድግዳ ላይ ጻፈው? ማንም። እኛው በአፋችን ስናስተዋውቀው ኖርን። ዛሬ ማታ ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ሴቶች ያውቃሉ፤ ያነባሉም። በወንድ ያለቀ ነገር የለም። ደብተሩን ሁለቱም አብረው ያነቡታል።

የቃላት ፍቺ

ረቂቅ፤ ሳይጸድቅ በፊት የተዘጋጀ ጽሑፍ።
አንቀጽ፤ አንድን ነገር የሚደነግግ የሕግ ክፍል።
ተንቀሳቃሽ ንብረት፤ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ሀብት፤ ምሳሌ በሬ፣ የስፌት መኪና።
ደረሰኝ፤ ገንዘብ መከፈሉን የሚያስረዳ ወረቀት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ባልና ሚስት ምን ይል ነበር? በ1992 ምን ተለወጠ?
2. የስፌት መኪናዋ የማን ነበረች? ለምን?
3. አክስትየው በስንት ጊዜ ውስጥ ማመልከት ነበረባቸው?
4. ከቤታችሁ አንድ መጠቅለያ አምጡ። አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁት።
5. የመሬት ደብተራችሁን አንብቡ። በውስጡ የማን የማን ስም አለ? ክልላችሁ ያወጣውን የቤተሰብ ሕግም ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።